ዓይን እንዴት ይመርጣል? በሬቲና ውስጥ «ዝም በል» የሚሉ መልእክተኞች

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚያቀናው መንገድ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ያልፋል። አምባው 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ብርዳማ ስፍራ፣ በጅብራና በአጫጭር ሣር መካከል፣ በየዕለቱ ድምፅ የሌለው ፉክክር ይካሄዳል። የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግብ አይጥና ፍልፈል ነው። ቀበሮው የሚያድነው ቀን ቀን ብቻውን ነው። ጥቂት እርምጃ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ አንዳንዴም ሆዱን ከመሬት አጣብቆ ይጠብቃል፤ ከዚያም በአጭር ሩጫ ይወረወራል። በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል በበኩሉ ዓይኖቹ ወደ ጭንቅላቱ አናት ከፍ ብለው የተቀመጡ በመሆናቸው፣ ከጉድጓዱ ብዙም ሳይወጣ አካባቢውን መቃኘት ይችላል።

በዚህ ፉክክር ወሳኙ ነገር ዓይን ምን ያህል ያያል የሚለው ብቻ አይደለም። ከሚያየው ውስጥ የትኛውን ለአእምሮ ይነግራል የሚለው ይበልጣል። ሣሩ በነፋስ ይወዛወዛል፣ የደመና ጥላ ያልፋል፣ ከብት ይግጣል። ፍልፈሉ ለዚህ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ቢሸሽ በረሃብ ያልቃል፤ ለቀበሮው ባይሸሽ ደግሞ ይበላል። ምርጫው የሚጀመረው አእምሮ ውስጥ ሳይሆን እዚያው ዓይን ውስጥ ነው። ምርጫውን የሚያከናውኑትም የነርቭ ሕዋሳትን «ዝም በል» የሚሉ ገቺ ኬሚካሎች ናቸው።

ይኸው ሥርዓት በሮቤ ገበያ በሚመላለሰው ሰው ዓይን ውስጥም አለ። ሥርዓቱ ሥራውን የሚያስረክባቸው ሕዋሳት ደግሞ ግላኮማ የሚባለው በሽታ ያለ ሕመምና ያለ ማስጠንቀቂያ የሚገድላቸው ናቸው። ስለዚህ የእነዚህን ሕዋሳት ሥራ ማወቅ ለገበሬውም ሆነ ለከተማው ነዋሪ ቁም ነገር አለው።

ከመቶ ሚሊዮን ወደ አንድ ሚሊዮን

በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ ሬቲና የተባለ፣ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች የሆነ ስስ ሽፋን ተነጥፏል። በሰው ሬቲና ውስጥ ብርሃንን በቀጥታ የሚቀበሉ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዋሳት አሉ። መልእክቱን ከዓይን ወደ አእምሮ የሚወስደው የዕይታ ነርቭ ግን በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች ብቻ ነው ያሉት። እያንዳንዱ ክር ጋንግሊዮን ከተባለ አንድ ሕዋስ ይነሣል። የጋንግሊዮን ሕዋሳት የሬቲና የመጨረሻ በር ናቸው፤ በእነርሱ በኩል ያላለፈ ምስል ወደ አእምሮ አይደርስም።

ይህ ማለት ሬቲና የተቀበለውን ሁሉ እንዳለ አያሳልፍም ማለት ነው። በአውድማ ላይ እህል ከገለባ እንደሚለይ ሁሉ፣ ዓይንም የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ይለያል። በአውድማው ነፋሱ የሚሠራውን ሥራ በሬቲና የሚሠሩት በመካከል የተሰለፉት አገናኝ ሕዋሳት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ወገን መልእክቱን በቀጥታ ወደ ጋንግሊዮን ያደርሳል። ሌላው ወገን ደግሞ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ጎረቤቶቹን ይገታል። ከገቺዎቹ ብዙውን ሥራ የሚሠሩት አማክሪን የሚባሉት ሕዋሳት ሲሆኑ፣ በአይጥ ሬቲና ብቻ ከ60 በላይ ዓይነት አማክሪን ተቆጥሯል።

አነቃቂና ገቺ

የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩት በአብዛኛው በኬሚካል ነው። አንዱ ሕዋስ ጥቂት ኬሚካል ያመነጫል፤ ሌላው በገላው ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ይቀበላል። ግሉታሜት የሚባለው ኬሚካል አነቃቂ ነው፤ ተቀባዩን «ተናገር» ይለዋል። ጋባ እና ግላይሲን የሚባሉት ሁለቱ ግን ገቺዎች ናቸው። ጋባ የሚለው ስያሜ በአፋን ኦሮሞ ገበያ ከሚባልበት ቃል ጋር በድምፅ ቢቀራረብም ዝምድና የለውም፤ ከኬሚካሉ ረጅም ስም የተወሰደ አጭር መጠሪያ ነው።

ገቺዎቹ ሲደርሱ በተቀባዩ ሕዋስ ላይ ያሉ የክሎራይድ በሮች ይከፈታሉ። ክሎራይድ ወደ ውስጥ ሲገባ ሕዋሱ ይረጋጋል፤ የአነቃቂው ጥሪ ቢመጣም መልስ ለመስጠት ይከብደዋል። ከብት አርቢው የዚህን ዓይነት አሠራር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ለከብትና ለበግ ተውሳክ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን በትሎች ነርቭና ጡንቻ ላይ ያሉ የክሎራይድ በሮችን ከፍቶ በማቆየት ሽባ ያደርጋቸዋል። እነዚያ የትል በሮች በአጥቢ እንስሳት ላይ ስለሌሉና መድኃኒቱም በቀላሉ ወደ አእምሮ ስለማይዘልቅ፣ በትክክለኛው መጠን ሲሰጥ ከብቱ አይጎዳም። በትሉ ላይ ሽባነትን የሚያመጣው ያለማቋረጥ የተከፈተ በር ነው። በሬቲና ውስጥ ግን በሮቹ ለቅጽበት ተከፍተው ስለሚዘጉ ውጤቱ ሽባነት ሳይሆን ምርጫ ይሆናል።

ከአማክሪን ሕዋሳት በግምት ገሚሶቹ ጋባን፣ ገሚሶቹ ግላይሲንን ይጠቀማሉ። ባለጋባዎቹ ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፋቸውን አርቀው ስለሚዘረጉ ከሰፊ አካባቢ የመጣውን ወሬ ያመዛዝናሉ። ባለግላይሲኖቹ ደግሞ በአብዛኛው በጠባብ ቦታ ላይ ሆነው በሬቲና የላይኛውና የታችኛው ድርድር መካከል ያገናኛሉ።

ጥቁር በሬ በቀትር ፀሐይ

የገቺዎች የመጀመሪያ ሥራ ልዩነትን ማጉላት ነው። በቀትር ፀሐይ ሜዳ ላይ የቆመ ጥቁር በሬ ቆዳ የሚያንጸባርቀው ብርሃን፣ ማታ በኩራዝ አጠገብ ከተሰቀለ ነጭ ነጠላ ከሚንጸባረቀው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም በሬው ጥቁር፣ ነጠላው ነጭ ሆኖ ይታያል። ምክንያቱ ዓይን የብርሃንን መጠን ብቻ ስለማይለካ ነው። ከዚያ ይልቅ አንድን ቦታ ከአካባቢው ጋር ያነጻጽራል።

የዚህን ምስጢር ጅምር የገለጠው ኬፈር ሃርትላይን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ሸርጣን በሚመስል የባሕር እንስሳ ዓይን ላይ ባደረገው ጥናት፣ ብርሃን ያገኘ አንድ ሕዋስ ጎረቤቶቹን እንደሚገታ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ለዓይን ሳይንስ ባበረከተው አስተዋጽኦ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ስቴፈን ኩፍለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 የድመት ጋንግሊዮን ሕዋሳት እንዴት እንደሚሠሩ አስረዳ። እያንዳንዱ ሕዋስ የሚጠብቃት ትንሽ ክብ ቦታ አለችው። ብርሃን በክቧ መሐል ሲያርፍ የሚናገር ሕዋስ፣ በዙሪያዋ ሲያርፍ ይገታል። ብርሃኑ መሐሉንና ዙሪያውን እኩል ሲሸፍን አነቃቂውና ገቺው ስለሚጣፉ ሕዋሱ ደካማ መልስ ብቻ ይሰጣል።

ስለዚህ ሜዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ አብዛኞቹ ሕዋሳት የሚናገሩት ጥቂት ነው። የተራራው ጠርዝ ከሰማዩ ጋር በሚገናኝበት፣ የበሬው ጀርባ ከሣሩ በሚለይበት ቦታ ግን ድምፃቸው ከፍ ይላል። አንድ ሚሊዮን ክር የመቶ ሚሊዮኑን ሥራ ሊሸከም የቻለው፣ አዲስ ነገር የሌለበት ቦታ አስቀድሞ ዝም ስለሚሰኝ ነው።

ማንኛው በር ቀድሞ ይዘጋ?

ሁለተኛው ሥራ እንቅስቃሴን መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሆራስ ባርሎው እና ዊልያም ሌቪክ የተባሉ ተመራማሪዎች በጥንቸል ሬቲና ውስጥ አቅጣጫን የሚለዩ ጋንግሊዮን ሕዋሳት እንዴት እንደሚሠሩ አብራሩ። ከእነዚህ አንዱ ነገር ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ብዙ ይናገራል፤ ያው ነገር ከግራ ወደ ቀኝ ሲመለስ ግን ዝም ይላል።

አሠራሩን ለመረዳት የከብት በረት በርን ማሰብ ይረዳል። ከብቶቹ ከአንድ ወገን ሲመጡ እረኛው ቀድሞ በሩ ላይ ይደርስና ይዘጋባቸዋል። ከሌላው ወገን ሲመጡ ግን እረኛው ከኋላ ስለሚቀር በሩ ክፍት ሆኖ ያገኙታል። በሬቲና ውስጥ እረኛው ጋባ ነው። በኮከብ ቅርጽ የተዘረጋ አንድ ዓይነት አማክሪን ሕዋስ፣ ነገሩ በማይፈለገው አቅጣጫ ሲሄድ ጋባን በጊዜው ያደርሳል፤ በሚፈለገው አቅጣጫ ሲሆን ደግሞ ገቺው ደካማ ይሆናል ወይም ይዘገያል። ተመራማሪዎች የጋባን በሮች በሚዘጋ ንጥረ ነገር ሬቲናውን በነኩት ጊዜ ሕዋሱ አቅጣጫ መለየቱን ትቶ ለሁሉም እንቅስቃሴ እኩል መልስ ሰጥቷል። ገቺው ሲነሣ ዓይኑ አልታወረም፤ የጠፋበት የመለየት ችሎታው ነው።

የዓይን የራሱ እንቅስቃሴም ሌላ ችግር ነው። ዓይን ትኩር ብሎ ሲመለከት እንኳ ይርገበገባል፤ በዚያ ቅጽበት ምስሉ በሙሉ በሬቲና ላይ ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሳላማንደርና በጥንቸል ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መላው ምስል አብሮ ሲንቀሳቀስ አማክሪን ሕዋሳት አንዳንድ ጋንግሊዮኖችን ይገታሉ። እነዚያ ጋንግሊዮኖች የሚናገሩት አንድ ነገር ከጀርባው ተለይቶ ሲንቀሳቀስ ነው።

የሚቀርብ ጥላ

ለፍልፈልም ሆነ ለአይጥ ከሁሉ የሚያስፈራው እየቀረበ የሚመጣ ጥቁር ነገር ነው። በስዊዘርላንድ ባዝል የቦቶንድ ሮስካ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጥ ሬቲና ውስጥ ለዚህ የሚናገር ጋንግሊዮን ሕዋስ ይፋ አድርጓል።

ጥቁር ነገር ወደ ጎን ሲያልፍ ከፊቱ ያለው ቦታ ይጨልማል፤ ከኋላው ያለው ይበራል። የሚጨልመው ወገን ሕዋሱን ያነቃዋል፤ የሚበራው ወገን ደግሞ በፈጣን መንገድ ይገታዋል። ሁለቱ ስለሚጣፉ ሕዋሱ ዝም ይላል። ነገሩ ወደ ተመልካቹ ሲቀርብ ግን በዙሪያው ሁሉ ይሰፋል። ጠርዙ ሁሉ ይጨልማል፤ የሚበራ ወገን አይኖርም። ገቺው ስለማይነሣ ሕዋሱ ማስጠንቀቂያውን ያሰማል። ይህን ፈጣን መግቻ የሚያስተላልፈው ባለግላይሲን አማክሪን ሕዋስ፣ ሌሊት ደግሞ ደካማውን ብርሃን ወደ ጋንግሊዮን በማሻገር ያገለግላል። አንዱ ሠራተኛ ቀንና ሌሊት ሁለት ሥራ ይዟል ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት የተገኘው ከጥንቸልና ከአይጥ ቢሆንም፣ የሬቲና መሠረታዊ አወቃቀር በአጥቢ እንስሳት ሁሉ ተመሳሳይ ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ የቀይ ቀበሮው ስልት ግልጽ ይሆናል። ሲቆም የሚንቀሳቀስ ጠርዝ አይኖረውም፤ ብዙ ጋንግሊዮኖች ደግሞ ለማይለወጥ ነገር የሚሰጡትን መልስ ቶሎ ይቀንሳሉ። በቀስታ ሲራመድ ጥላው በዝግታ ይሰፋል። ሆዱን ከመሬት ሲያጣብቅ ከሰማዩ ጋር የሚነጻጸረው ጥቁር አካሉ ያንሳል።

በባሌ ቀበሮዎች በሚግጡ ከብቶች መካከል ሲያድኑ ታይተዋል፤ መንጋው እየተንቀሳቀሰ የሚሸሽግ ሽፋን እንደሚሆንላቸው ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በመንዝ ጓሳ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በጭላዳ መንጋ ውስጥ የሚያድን ቀይ ቀበሮ ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ተሳክቶለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የተሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው።

ሚዛን ሲዛባ

ገቺው ሲያንስ መለየት እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ገቺውን የሚያበዛ መድኃኒትም ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ቪጋባትሪን የተባለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚሠራው በአእምሮ ውስጥ ያለውን ጋባ በማብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተጠቃሚዎቹ ዳር ዳሩን የማየት አቅማቸው እየጠበበ መሄዱ ተዘገበ። የጠበበው ዕይታ ብዙውን ጊዜ ስለማይመለስ፣ መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች ዓይናቸውን በየጊዜው እንዲመረመሩ ይደረጋል።

የማይሰማ ጥፋት

ከዚህ እጅግ የሚበዛው ጉዳት ግን የጋንግሊዮን ሕዋሳት ራሳቸው ሲሞቱ የሚደርሰው ነው። በግላኮማ ሕመም፣ ብዙ ጊዜ በዓይን ውስጥ ካለው ከፍተኛ ግፊት የተነሣ፣ ክሮቻቸው ይጎዱና ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ ይሞታሉ። የሞተ ጋንግሊዮን አይተካም። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በኢትዮጵያ በተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። የዓይን ሞራ የግማሽ ያህሉ ምክንያት ሲሆን፣ የግላኮማ ድርሻ 5.2 በመቶ ነበር።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቤተሰብ ደረጃ መታወቅ አለበት። የዓይን ሞራ የሚጋርደው የዓይንን ሌንስ ስለሆነ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ዕይታም ይመለሳል። ግላኮማ ግን የወሰደውን አይመልስም። ሕክምናው ሊያደርግ የሚችለው የቀረውን ማትረፍ ነው። «ሞራው እስኪበስል» ብሎ ዓመታት የጠበቀ ሰው ሕመሙ ግላኮማ ከሆነ፣ በጠበቀበት ጊዜ ሁሉ የማይተካ ነገር እያጣ ነው የቆየው።

ታማሚው ቶሎ የማያውቀው ለምንድን ነው? መልሱን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ዓይን ሊያየው ይችላል። ግራ ዓይንን ጨፍኖ፣ ሁለቱን አውራ ጣቶች በተዘረጋ ክንድ ጎን ለጎን አቁሞ፣ በቀኝ ዓይን የግራውን አውራ ጣት ትኩር ብሎ መመልከት ነው። ዓይኑን ሳያንቀሳቅሱ የቀኙን አውራ ጣት በቀስታ ወደ ቀኝ ሲያርቁት፣ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ባነሰ ርቀት ላይ የጣቱ ጫፍ ይሰወራል። የዕይታ ነርቭ ከዓይን የሚወጣበት ቦታ ብርሃን ተቀባይ ስለሌለው ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቦታ ላይ ጥቁር ቀዳዳ አይታይም፤ አእምሮ በዙሪያው ባለው ምስል ይሞላዋል።

ግላኮማም የሚደበቀው በዚሁ መንገድ ነው። የአንዱ ዓይን ጉድለት በሌላው ይሸፈናል፤ የቀረውን አእምሮ ይሞላዋል። በጤነኛ ሬቲና ውስጥ ዝም ያለ ሕዋስ «እዚህ አዲስ ነገር የለም» ማለቱ ነው። የሞተ ሕዋስም ዝም ይላል፤ አእምሮ ግን የሁለቱን ዝምታ ለይቶ ለባለቤቱ አይናገርም። ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፣ ዓይን አይቀላም፣ ፊት ለፊት ያለው ነገር ለረጅም ጊዜ በደንብ ይታያል። የሚቀድመው ዳር ዳሩ ነው፦ ከጎን የሚመጣ ባጃጅ፣ ከእግር በታች ያለ ቦይ፣ በስተቀኝ የቆመ ሰው።

ስለዚህ ሕመሙን የሚያገኘው ምርመራ ነው። ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው፣ ይልቁንም ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ በግላኮማ የታመመበት ሰው፣ ጥሩ የሚያይ ቢመስለው እንኳ የዓይኑን ግፊትና የዕይታ ነርቩን በዓይን ሐኪም ማስመርመር ይገባዋል። ጠብታ የታዘዘለትም ሰው ለውጥ ባይታየው ማቋረጥ የለበትም፤ ጠብታው የሚሰጠው ግፊቱን ዝቅ አድርጎ የቀሩትን ሕዋሳት ለማትረፍ ነው።

ስንዴ አምራች በሆነው የባሌ ደጋ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመኸርም ሆነ በበልግ አጨዳ፣ ኮምባይነር በሚያስነሣው አቧራና ገለባ ዓይን ሲያሳክክ ጠብታ ገዝቶ መጠቀም ቀላል መፍትሔ ይመስላል። እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች ማሳከኩንና መቅላቱን ቶሎ ስለሚያስታግሱ ይወደዳሉ። ያለ ሐኪም ክትትል ለሳምንታትና ለወራት ሲወሰዱ ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ፣ ሕፃናትን ጨምሮ፣ የዓይንን ግፊት ከፍ አድርገው ግላኮማ ሊያስከትሉ ይችላሉ። አቧራ የገባበትን ዓይን በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ በሥራ ጊዜ መከላከያ መነጽር ማድረግ፣ ማሳከኩ ካልተወ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል። ጠብታ የሚገዛ ሰውም ስቴሮይድ እንዳለበትና ለስንት ቀን እንደሚወሰድ ባለሙያውን ጠይቆ መረዳት አለበት።